ባለ አንድ ዓይኑ ቀዛፊ

ፎቶ ቤት ስትገቡ «ቀና በል፣ ወደዚህ እይ» የሚሏችሁ ለምን ይመስላችኋል? እኔ አልጠይቅም። ጎኔን ሰጥቼ ፎቶ ከምነሳ ጥርሴን ብነቀል እመርጣለሁ። ምክንያት አለኝ።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ሠዓሊ ነበርሁ። ለቀበሌ ፖስተር ሠሪዎች ማስተማሪያ የሚሆን አጭር አኒሜሽን ሥራ ተባልሁ። ትምህርቱ አንዲት ነገር ናት፦ ጥሩ ሥዕል አስረጅ አይፈልግም፤ ያየው ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ፊልሙ ድምፅም ጽሑፍም እንዳይኖረው ወሰንሁ። ጎበዝ መሆኔ ነው እንግዲህ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጭቁኑ ታንኳ ይቀዝፋል፤ ባላባቱ ተቀምጦ ይበላል። በመጨረሻ ጭቁኑ ባላባቱን ጣና ውስጥ ይገለብጠዋል። አኒሜሽን ማለት ደግሞ ያንኑ ሥዕል ትንሽ ትንሽ እየለወጡ፣ እጅ እስኪዝል መሣል ነው። ታንኳው ከሸራው ዳር እስከ ዳር ስለሚያልፍ ቀዛፊውን በጎን ሣልሁት። በጎን የተሣለ ሰው ስንት ዓይን አለው? አንድ። ባላባቱ ግን ሥራ የለውም፤ ሥራ የሌለው አይንቀሳቀስም። ፊቱን ወደ እኛ አዙሬ፣ ሁለት ዓይኑን አጉልቼ፣ አንዴ ሥዬ ተገላገልሁ።

ፊልሙ ለሙከራ የታየው በቀበሌያችን አዳራሽ ነው። ፊት ወንበር ላይ ካድሬው ጓድ ታምሩ፣ ከኋላው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ዓሣ አስጋሪ፣ የሠፈር እናቶች። ቀዛፊው ብቅ ሲል ሰው ተሸማቀቀ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ አማተቡ። ባላባቱ ሲታይ የሁሉም ፊት ፈታ አለ። ባላባቱ ውኃ ሲገባ ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ አላስቻላቸውም።

«ምነው፣ ይኸ ሰይጣን ጻድቁን አሰጠመው እኮ» አሉ።

ያኔ ገባኝ። የጣና ዳር ሰው ሥዕል ማንበብ የተማረው ከገዳማቱ ግድግዳ ነው። እዚያ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣንና ከሀዲ በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኔ ጭቁኑን ሰይጣን፣ ባላባቱን ጻድቅ አድርጌ ለካድሬ አሳይቻለሁ፤ ያውም ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር እስር ቤት ገብቶ በሚቀርበት ዘመን። ፈራሁ።

መብራት በራ፤ ሂስ ተጀመረ። ጓድ ታምሩ ተነሥቶ ፊልሙ ውስጥ ከባድ ስሕተት አለ፣ ምን እንደሆነ ተናገሩ አለ። ማን ይናገር? አንድ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ደግሞ አድኃሪ ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ አዳራሹ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«እትዬ፣ ቅድም ሰይጣን ያሉት ማንን ነው?» አለ ጓድ ታምሩ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? ዓይኔም ደክሟል። ስሕተቱን ያየኸው አንተ ነህ፤ እስቲ በምን እንዳወቅኸው ንገረን።»

ጓድ ታምሩ ፊልሙ በአጠቃላይ የተሳካ ነው አለና አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን፤ እኔ ከሁሉም በላይ።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ታምሩ ቢሮዬ መጣ። እንፍራንዝ ላሉት እናቱ የሚልከው ምስል እንድሥልለት ፈልጎ ኖሯል። ብርሃኑ እንዲያምር ብዬ በጎን ላስቀምጠው ስል ወንበሩን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። ተመልሶ ተነሣና በሩን ዘጋ።

«አደራ፣» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ሁለቱም ዓይኖቼ ይታዩ። እናቴ ናት የምታየው።»