በጌታው ልጅ ስም የተማረው ወንድሜ

ትምህርት ደሀውንና ጌታውን እኩል ያደርጋል የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር አዳምጠዋለሁ። የተማሩት የልጅ ልጆቼ ደግሞ፣ ትምህርት ቤት ያለውን ከፍ እያደረገ የሌለውን እዚያው ያስቀምጠዋል እያሉ በትልልቅ ቃላት ያስረዱኛል። ይበሉ። እኔ ነገሩን ያወቅሁት በወንድሜ በሙጨ ነው።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የአንድ ፊታውራሪ ገረድ ነበረች፤ እኛም እዚያው ግቢ አደግን። ጣሊያን ከተማው ላይ ትምህርት ቤት ከፍቶ ባላባት ሁሉ ልጁን ያምጣ ብሎ ሲያዝ ፊታውራሪ እንቅልፍ አጡ። «ብሰጥ ሃይማኖቱን ያስለውጡብኛል፤ ባልሰጥ ይሰቅሉኛል» እያሉ። ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሙጨን አሳጠቡ፣ የልጃቸውን የአድማሱን እጀ ጠባብ አለበሱት፣ ስሙንም ጨምረው ሰጡት። እውነተኛው አድማሱ ደብረ ወርቅ ሄዶ ዳዊቱን ይደግም ጀመር። እሳቸው ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ በዚያ ክፍል «የባላባት ልጅ» ተብሎ ከተቀመጠው ውስጥ የስንቱ እናት በሰው ቤት ስትፈጭ እንደምትውል አውቃለሁ። እኔ ሴት ነኝና በምትክነትም አልተፈለግሁም።

ከዚያ ወዲያ ኑሯችን ቲያትር ሆነ። እናቴ ምሳ ይዛ ከተማ ስትሄድ ሰላይ እንዳያይባት ልጇን እጅ ነስታ «ይብሉ ጌታዬ» ትለዋለች። እሱ ሳቁን መያዝ ያቅተዋል። ማታ ያው በረት ይጠርጋል።

ትምህርቱን ግን ወደደው። እበቱን እየዛቀ ለላሞቹ በጣሊያንኛ ይቆጥርላቸው ነበር።

«አንቺ፣ አስተማሪ እሆናለሁ» አለኝ አንድ ቀን።

«በማን ስም?» አልኩት።

እበቱን መዛቁን ቀጠለ።

ፊታውራሪ አንድ ጠዋት ጠመንጃቸውን አንስተው ዱር ገቡ። አገር ደስ አለው፤ እኛም በልባችን እልል አልን። በስማቸው ጣሊያን እጅ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ እንዳለ ማንም ትዝ አላለው። ወታደሮቹ ሙጨን ከክፍሉ አውጥተው፣ እጁን አስረው ግቢያችን ይዘውት መጡ። እናቴ መሬት ላይ ወደቀች። «የኔ ነው! የገረድ ልጅ ነው፣ ጌቶቼ!» አስተርጓሚው ወደ ፊታውራሪ ሚስት፣ ወደ እመቤቲቱ ዞሮ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቃቸው።

እመቤቲቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ያላቸው አንድ አድማሱ ነው። ከገበታቸው ቀርቦ የማያውቀውን ሙጨን አቅፈው እያለቀሱ፣ «ልጄ ነው፤ እሷ ያጠባችው ሞግዚቱ ናት፣ ጨንቋት ነው» አሉ።

ያኔ ወንድሜ ራሱ አፉን ከፈተ። በተማረው ጣሊያንኛ፣ እናቱ ገረዷ እንደሆነች አንድ በአንድ ተናገረ። አብሯቸው የመጣው የጣሊያን ሹም እስከ መጨረሻው ሰማውና ሳቀ። አስተርጓሚውም፣ «የገረድ ልጅ እንዲህ አጥርቶ አይናገርም ብለዋል» አለን። በመኪና ጭነው ወሰዱት።

መርዶው ሲመጣ ለቅሶው በፊታውራሪ ግቢ ሆነ። ሰላይ አይጠፋምና ሁሉም እንደ ወጉ ተደረገ፤ እመቤቲቱ ጥቁር ለብሰው መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ለቀስተኛውም «ልጅ አድማሱ» እያለ ደረቱን ደቃ። እናቴማ ገረድ አይደለች እንዴ፤ ጎንበስ ብላ ለለቀስተኛው ጠላ ስታድል ዋለች።