ዘይት የተቀባው የፋሲካ በሬ

የአዲስ አበባ ሰው ከብት የሚያውቀው በኪሎ ነው። አትቆጡኝ! እኔም ያው ነኝ። ጌጃ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ስድስት ቤት ሆነን ለፋሲካ ቅርጫ የገዛነው በሬ ሐሙስ ዕለት መጥቶ ደጃፌ ላይ እስኪታሰር ድረስ መዥገር የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ለካ ደም ጠጥቶ ባቄላ ያክላል!

ባለቤቴ ሰብለ አንዱ ወደ ቤታችን ሲያዘግም አየችው።

«ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ እወጣለሁ!»

«በሬው?»

«መዥገሩ!»

መርዝ እንዳልረጭበት እሑድ ጥሬውን የምንበላው በሬ ነው። ስልኬን ብጎረጉር የዕፅዋት ዘይት መዥገር ያባርራል ይላል። ተክለ ሃይማኖት በረርኩና የኒምና የባሕር ዛፍ ዘይት ገዛሁ። ጽሑፉ «ጥቂት ጠብታ በውሃ በጥብጡ» ነው የሚለው። እኔ ግን ስቀባ እጄ አይሰስትም... ሁለቱንም ጠርሙስ ከቀንዱ እስከ ጭራው ገለበጥኩበት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በማግስቱ መዥገሮቹ ረግፈው ተገኙ። ሰብለም ኮራችብኝ። በሬው ግን ጉንፋን ይዞት የታጠነ ሰው ሸተተ!

የቅርጫችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ለስቅለት ወደ ልደታ ሲሄዱ ብቅ አሉ። ጥሬ ሥጋ ነፍሳቸው ነው። በሩ ላይ ቆም ብለው አሸተቱ።

«ማነው የታመመው?»

«ማንም አልታመመም ጋሼ። በሬው ነው።»

«በሬው ታሟል?!»

«አይ... ዘይት ቀብቼው ነው።»

ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ቆዳው ላይ እኮ ነው ጋሼ! ቆዳው ይገፈፋል!»

«ሥጋው ከሸተተ ለስድስቱም ቤት ምስር ወጥ የምትሠራው አንተ ነህ!»

እስቲ አስቡት... ሁለት ወር ተጹሞ ፋሲካን በምስር! ሰፈር መቀየሬ ነው። ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ሳሙና ይዤ በሬው ሥር ጎንበስ ቀና ስል ዋልኩ። ቅዳሜም ደገምኩት።

እሑድ ጠዋት በሬው ታረደ። እኔ ሥጋው አጠገብ እንዳልደርስ ተከለከልኩ። ጋሽ ታደሰ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ሚጥሚጣ አስነክተው ጎረሱ። ስድስቱም ቤት አፍ አፋቸውን ያያል። አላመጡ... አላመጡ... እኔ ከሩቅ አንገቴን አሰገግኩ።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

ዋጡና በአፍንጫቸው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ።

«ደረቴን ከፈተልኝ!»

ግቢው በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን ፍንክች ሳይሉ ሁለተኛዋን፣ ተለቅ ያለችውን እየቆረጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለገናው በሬ ደግሞ ዝንጅብል ጨምርበት።»