ወደ አርዲቦ የምትሄደው ጎማ አልባ ፒክአፕ

መኪናውን እንደ ሙሽራ የሚኳኩል ወንድ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ አግብቼዋለሁ። ባሌ ሰይድ እህል ነግዶ ያገለገለች ፒክአፕ ሐይቅ ከተማ ባስገባ ማግስት መስኮቷን መጋረጃ አለበሳት፤ ከኋላዋ ሸራ ወጥሮ ታጣፊ አግዳሚ አሠራላት።

«በሥራ ቀን አጥፌው ማሽላ እጭናለሁ፤ እሁድ ዘርግቼ አርዲቦ ሐይቅ አንሸራሽርሻለሁ» አለኝ። እኔማ ሳልሳፈር በሐሳቤ ውሃው ዳር ደርሻለሁ!

ታዲያ የተኳለ ነገር ዓይን አይስብም? የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ አግዳሚውን መታ መታ አደረገና፣ «ጓድ ሰይድ፣ ለዘመቻ የተሠራች ነው የምትመስለው! ከነሾፌሯ ለጦር ግንባር ትፈለጋለች» አለ። ሾፌሯ ደግሞ ልጄ አህመድ ነው።

ሊቀመንበሩ እንደወጣ፣ «የአህመድ አባት፣ ጎማዋን ፍታው!» አልኩት።

«አብደሻል? ሙሽራን እግሯን ነቅሎ ማስቀመጥ አለ?»

«ልጄ የሚቀመጥልኝ ከሆነ አለ!»

ጎማዎቹን ገለባ ክምር ውስጥ ቀበርን፤ እሷን ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት። ሊቀመንበሩ ሲመለስ፣ «ጎማው አልቆ ነው፤ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?» አልነው። ድንጋዮቹን ዞሮ ዞሮ አያቸውና እያጉረመረመ ሄደ። የቆመ መኪና ሾፌር ምን ያደርግለታል?

አሁን እሁድ እሁድ ግቢያችን ውስጥ እንሳፈራለን። አህመድ መሪውን ይይዛል፤ እኔና አባቱ አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። ነፋሱ ሸራውን ሲያርገበግበው ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ኮረብታው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የውሃው ሽታ ይመጣል።

«ልጄ፣ በኬላው በኩል እንዳትሄድ» እለዋለሁ።

«አብሽሪ እማ፣ በውስጥ መንገድ ነው የያዝኩት።»