የቡፌው ክሪስታል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የሟች እናቴን ብርጭቆ በጥፍሬ መታሁት። «ጠቅ» አለና ዝም አለ።

በየቤታችን ቡፌ ውስጥ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች አሉ። እንግዳ ይጠብቃሉ። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ ከእሱ የሚበልጥ እንግዳ ይጠበቃል። የእማዬ ስድስቱ እንዲያውም ክሪስታል ናቸው፤ ያለችው ራሷ ናት። ከታላቅ እህቴ ከሶስና ጋር ዕቃዋን ስንከፋፈል ሶፋውንም ቴሌቪዥኑንም ለሶስና ለቀቅሁ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የሳሳችለት ነገር እኔ ዘንድ እንዲቀር ፈለግሁ፤ ሌላ አላማረኝም።

ግን የጋዜጠኛ ነገር! የእናት ቃል እንኳ ሁለተኛ ምንጭ ይፈልጋል። እርሳስ ያለበት ክሪስታል ሲያነሱት ከመልኩ ይከብዳል፣ ሲመቱት እንደ ቃጭል ድምፁን ያረዝማል፣ ፀሐይ ላይ ሲያዞሩት ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ይበትናል። የእኛው ቀሊል ነው። ድምፁን ነግሬያችኋለሁ። በረንዳ ላይ ሳዞረው ደግሞ ያሳየኝ የማዶውን ፎቅ የተሰጣ ልብስ ብቻ ነው።

ሶስና «አንተ ልጅ፣ ሙት ትመረምራለህ እንዴ?» አለችኝ።

ገልብጬ ሳየው ግን ሥሩ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ሁለት ነጥብ አገኘሁ። ጌጃ ሰፈር ሳለን ሰርግም ሆነ ለቅሶ ሲመጣ ብርጭቆ ከየቤቱ ይዋጣል፤ እንዳይምታታም ሴቶቹ ሥሩ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የእማዬ አንድ ነጥብ ነበር። ሁለት ነጥብ የጎረቤታችን የእትዬ ጽጌ ነው። ደስታዬን ምን ልደብቅ? እማዬ አልዋሸችም! ክሪስታሏ በአንዱ ድግስ ተለዋውጦባት ነው።

እትዬ ጽጌ ሰፈሩ ሲፈርስ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል። በማግስቱ ስድስቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤታቸው ደረስኩ። እውነትም ባለ አንድ ነጥቦቹ የእሳቸው ቡፌ ውስጥ ተደርድረዋል። አስፈቅጄ አንዱን መታሁ።

«ጠቅ።»

እትዬ ጽጌ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ክሪስታል አልከኝ? እኔና እናትህ መርካቶ አብረን ወርደን፣ ከአንድ ሱቅ የገዛነው እኮ ነው! ክሪስታል ነው ያለቻችሁ እናንተ እንዳትነኩባት ብላ ነዋ። የእናንተ እጅ መቼ ዕቃ ያተርፍ ነበር?»

ለዚህኛው መረጃ ሁለተኛ ምንጭ አላስፈለገኝም። መለዋወጡንስ ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁለቱም ያኔውኑ አውቀው ኖሯል። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀሞ ልትጠይቃቸው የመጣች ዕለት እትዬ ጽጌ ብርጭቆዎቿን ጠቅልለው ሰጥተዋት ነበር። «ታውቃታለህ መቼም፣ ያለ ጉዳይ ሰው ቤት የማትሄድ ሴት» አሉኝ። እማዬ ጥቅሉን ፈትታ፣ አንድ በአንድ መልሳ ቡፌው ውስጥ ደረደረቻቸውና እንዲህ አለቻቸው፦

«ዛሬ ከወሰድኳቸውማ፣ ሌላ ጊዜ ምን ብዬ ልመጣ ነው?»