አውሬው ምን ይግጣል?

…ከዚያ አውሬው ከሐይቁ ሲወጣ አባቴ ብድግ አሉ። «አስቁሙት!»

ጠጋ በል፣ ቦታ አለ። ወረታ ነን፣ ሰዒድ ቪዲዮ ቤት። አግዳሚው ላይ የተደረደርነው የባጃጅ ሾፌሮች ነን። መካከላችን ዱላቸውን ተደግፈው የተቀመጡት ሽማግሌ አባቴ ናቸው። ከቁሐር ሚካኤል ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

ፊልም ላዝናናቸው እንዳይመስልህ። ባለፈው ክረምት ርብ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሳቸው ቀሩ። በማግሥቱ በታንኳ አወጧቸው። ይኸው ዘንድሮም ሰኔ ገባ፣ ሰማዩ ጠቁሯል። እዚህ ክፍል ተከራይቼላቸው አልመጣም ብለዋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? የርብ ውኃ አያስቅም፤ ዝም ብሎ ይወስዳል። እዚህ ፊልም ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የሸሸ ይተርፋል፣ የቀረ ይበላል። እኔን ካልሰሙኝ አውሬው ይምከርልኝ አልሁ።

ሰዒድ ፊልሙን አስቆመው። አባቴ በዱላቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ። ይኼ ፍጡር ምን ይግጣል? ሰው ነው የሚበላው አልናቸው። እስካሁን ሦስት ሰው በላ፤ ለዚያ ሆድ? አሉ። ደግሞስ የሐይቅ ዳር ረግረግ አይደለም? የእኛ በሬ እንኳ በነሐሴ እስከ ጉልበቱ ይገባል፤ ይኼ ተራራ እንዴት ይሮጣል?

ሳይንስ ነው አልኋቸው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የተሠራ። ሰባተኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሬ አንዴም ያልጨረስሁ ሰው ሳይንስ ሳስረዳ ሰዒድ ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። አባቴ አልሳቁም። ፊልሙ ቀጠለ።

አንድ ገበሬ ልጆቹን መኪና ላይ ጭኖ ሲፈተለክ ግን እንደገና ተነሡ። አሁን ድምፃቸው ሌላ ነው።

«ከብቶቹስ?»

«የምን ከብት፣ አባዬ?»

«በረት የታሰሩት! ሳይፈታቸው ሄደ እኮ። ውሸት ነው ይኼ። ገበሬ እንዲህ አያደርግም።»

ቁሐር ሕጉ ይኼ ነው። ውኃ መጣ ሲባል መጀመሪያ ከብት ይፈታል። የታሰረ ይሰምጣል፣ የተፈታ ይዋኛል፤ ጅራቱን የያዘም አብሮ ይወጣል። አውቃለሁ፣ እዚያው አይደል ያደግሁት? ግን ንዴቴ ቀደመኝ።

«ፊልሙ ስለ ከብት አይደለም! የቀረ ይሞታል ነው የሚለው። እርስዎስ ለምን ቀሩ?»

በዱላቸው ከመመታት ያተረፈኝ አንቱታዬ ብቻ ነው።

አባቴ ቁጭ አሉ። ላሚቱ ከብዳ፣ ለመውለድ ደርሳ ነበር አሉ፣ ቀስ ብለው። ገመዱ ርሶ ቋጠሮው አልፈታ አላቸው። ማጭድ ፈልገው፣ ቆርጠው ሲለቋት እሷ ዋኝታ ወጣች። ጅራቷን ሳይዙት አመለጣቸው።

ዓመቱን ሙሉ ግትር ሽማግሌ እያልሁ ሳማቸው ነበር። ለተሳፋሪ ሳይቀር አውርቻለሁ። ለምን ቀሩ ብዬ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም፤ መጠየቄም ዛሬ ነው፣ ያውም በጩኸት።

«ይምጡልኝ» አልኋቸው። «ክፍሉ አስፋልት ዳር ነው፣ ውኃ አይደርስበትም።»

አውሬው ከተማውን አፈራርሶ ጨረሰ፤ ማንም አላየውም። ሁላችንም የምናየው አባቴን ነው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«በሩ ላም ያስገባል?»