አሸንዳው እንዳይነካ

ሌላው አማች የአማቱን ጣሪያ ያስጠግናል። ክቡር ዶክተሩ ግን ከእንዲህ ያለው ተራ ውለታ ከፍ ብለው የሚገኙ የቅርስ ተመራማሪ ስለነበሩ፣ የሚስታቸው እናት ቤት እንዴት እንደሚፈርስ በሳይንስ ይከታተሉ ነበር።

ቤቱ የከተማው አንጋፋ ነው። አሸንዳው ተሰንጥቆ የዝናቡ ውሃ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ይወርዳል፤ ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራም እየተፈረፈረ ይረግፋል። ዶክተሩ በግድግዳው ላይ የእርጥበት መለኪያ ተክለው፣ ናሙና እየፈለፈሉ ያገኙትን በየጉባኤው ሲያቀርቡ ተጨብጭቦላቸዋል። ለከፍተኛ ተመራማሪነት ማዕረግ የቀራቸው የአንድ ክረምት መረጃ ብቻ ነው።

«ያንን አሸንዳ ለምን አታስጠግነውም? እናቴ እኮ ባልዲ አቅፋ ነው የምትተኛው!» አለቻቸው ሚስታቸው።

«እንዴት ተደርጎ! ውሃው ከቆመ መፍረሱም ይቆማል።»

«እኔስ ምን አልኩህ?»

«መፍረሱ ከቆመ ምኑን ላጥና?»

አማትየው ግን የተማረ ሰው ያከብራሉ። «ተይው ልጄ፣ እሱ የሚያውቀው ነገር ይኖራል» አሉ። ዶክተሩ ባልዲውም ቢሆን የወለሉን እርጥበት እየቀነሰ መረጃ እንደሚያዛባ በትሕትና ሲያስረዷቸው፣ እሱንም አነሡላቸው። ዶክተሩ ልባቸው ተነካ። በጥናቱ መግቢያ ላይ ሊያመሰግኗቸው ወሰኑ።

ግድግዳው አላሳፈራቸውም። አማትየው ገበያ በወጡበት ዘጭ አለ። ዶክተሩ ልባቸው በአፋቸው ሊወጣ እየደረሰ ሮጠው ደረሱ። መለኪያዎቹ ተርፈዋል፤ እፎይ አሉ። አማትየውም ተርፈዋል።

በማዕረጉ ሥነ ሥርዓት ላይ የምርምር ተቋማቸው የበላይ ኃላፊ ተነሥተው፣ «ሌሎች ቅርሶች ዝም ብለው ነው የሚፈርሱት። ይሄኛው ግን በዘመናዊ መሣሪያ ታግዞ፣ ዓይናችን እያየ ፈርሷል!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

አማትየው ጓዛቸውን ጠቅልለው ዶክተሩ ቤት ገቡ፤ መኝታ ቤቱ ለእናትና ልጅ ሆነ። ከፍተኛ ተመራማሪው አንድ እሑድ ከሰዓት ሳሎን ሶፋ ላይ ጋደም እንዳሉ ዝናቡ መጣ። ከኮርኒሱ አንድ ጠብታ ግንባራቸው ላይ ጠብ አለ። ሌላው ተከተለ።

«እማማ! እባክዎ ባልዲ ያቀብሉኝ!»

አማትየው ባልዲውን አንጠልጥለው ብቅ አሉ። ኮርኒሱን አዩት፣ አማቻቸውን አዩአቸው፤ ከልባቸው ደነገጡ።

«ኧረ ልጄ፣ በስመ አብ በል! መረጃው ይዛባብህ?»

ባልዲውን ይዘው ተመለሱ፤ ጥናቱ እንዳይረበሽም በሩን ቀስ አድርገው ዘጉላቸው።