የምንጫችን ከንፈር

አቶ ዘለቀ የምንጫችንን ከንፈር ወሰዱብን። በጠራራ ፀሐይ እንዳልል ያለነው ሚዛን ተፈሪ ነው፤ በካፊያ መሃል በጎረምሶች አስነቅለው፣ በጋሪ አስጭነው ወሰዱት።

«ምንጭ ደግሞ ከንፈር አለው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ የትምህርት ቤትን ደጃፍ እንጂ ውስጡን ብዙም አላውቀውም፤ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ግን ከዳር እስከ ዳር ጨርሻለሁ። እዚያ ውስጥ ምንጭ ከመሬት ይፈልቃል። ከተማ ውስጥ ግን ወሬም ምንጭ አለው፣ ስሙ አይጠቀስም እንጂ። ገቢም ምንጭ አለው፤ እሱማ ጭራሽ አይጠየቅም። ከንፈርም እንደዚሁ ብዙ ሥራ አለበት፦ ሲፋቀሩ የከንፈር ወዳጅ ያፈራል፣ ሲናደዱ ይነከሳል፣ የሰው ችግር ሲያዩ ደግሞ ይመጠጣል። እኛ ሰፈር ከሚመጠጠው ከንፈር ውሃ ቢወጣ ኖሮ ቧንቧ ባልጠበቅን።

የምንጫችን ከንፈር ግን ድንጋይ ነው። መሃሉ እንደ አሸንዳ የጎደጎደ፣ ውሃውን ሰብስቦ ጀሪካን አፍ ውስጥ የሚያንቆረቁር። እሱ ሲነሳ ምንጩ ጥርሱ እንዳለቀ ሽማግሌ ተዝረበረበ። ውሃው አለ፤ የሚይዘው ጠፋ። የኮባ ቅጠል ብንሰካለት ይዞት ሄደ። ከጭቃው በጣሳ እየጨለፍን ድፍርሱን ስንጠጣ፣ የጎረቤቴ የማርታ ሕፃን ሆዱን ታሞ ሰነበተ።

ድንጋዩስ? አደባባይ ወጣ! የሚሊኒየሙ ሰሞን ነበርና የሰፈራችን ሰው አቶ ዘለቀ የከተማ ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ፋውንቴን አሠሩ። ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ ቁልቁል በሚያፈስበት አገር፣ ውሃ ሽቅብ የሚረጭ ነገር። ፋውንቴኑ ታሪካዊ ቅርስ ያስፈልገዋል ተባለና የእኛ ድንጋይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ፊት ለፊት ተገተረ። ማርታ ልጇን አዝላ፣ እኔም ተከትዬ፣ ቢሯቸው ሄደን አቤት አልን። ሻይ ጋበዙን፤ ከንፈራቸውንም መጠጡልን። ልማት መስዋዕትነት ይጠይቃል አሉ። ከማን እንደሚጠይቅ አልነገሩንም፤ ማርታ ጀርባ ላይ ያለው ግን ያለቅስ ነበር።

የምረቃው ዕለት ከቴፒም ከማሻም እንግዳ መጣ። ዝናቡም ሳይጠራ መጣ። ዝናብ ሲመጣ መብራት እንደሚሄድ መቼም ታውቃላችሁ። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፤ ፋውንቴኑ ጭጭ። ጃንጥላው ያንጠባጥባል፣ ኮቱ ያንጠባጥባል፣ የክብር እንግዳው አፍንጫ ሳይቀር ያንጠባጥባል፤ በዚያ አደባባይ ጠብታ ያልወጣው ከፋውንቴኑ ብቻ ነበር። እንግዶቹ ዙሪያውን ቆመው ለአቶ ዘለቀ ከንፈራቸውን መጠጡላቸው።

እሳቸው ላብና ዝናብ እየጠረጉ ወደ እኛ ወደ ሴቶቹ ጠጋ አሉ።

«አስናቄ፣ የሰፈሬ ልጅ አይደለሽ? አታዋርጂኝ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከምንጩ አንድ አሥር ጀሪካን አስመጪና፣ ከኋላ ሆናችሁ ከላይ አንቆርቁሩልኝ። እንግዳ መች ይለየዋል።»

ማርታ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አደረግሁና ወደ ድንጋዩ ሄጄ ነቅነቅ አደረግሁት። ሲሚንቶው በዝናቡ ገና አልደረቀም ነበር። ጎንበስ ብዬ አንዱን ጫፍ ያዝኩና፣ እንግዶቹም እንዲሰሙ፣ እንዲህ አልኳቸው፦

«እሺ አቶ ዘለቀ፣ ውሃውን እናመጣለን፤ ግን ይሄ ካልተመለሰ ጀሪካን አይሞላም። ይበሉ፣ እርስዎ በዚያ በኩል ያንሱ።»